እንቁራሪት በሁለት በር ትተነፍሳለች
የእንቁራሪት አስተኔዎች የደም ዝውውርና አተነፋፈስ

«እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከአቅም በላይ መመኘትን ለመንቀፍ ይነገራል። ምክሩን ለሽማግሌዎች ትተን በውስጡ ያለውን የተፈጥሮ ምልከታ ብንመረምር ግን አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። እንቁራሪትና ጓጉንቸር በእርግጥም ራሳቸውን በአየር ይነፋሉ። እባብ ሲያጋጥማቸው አየሩን ደጋግመው ወደ ሳንባቸው በመግፋት ከወትሮው መጠናቸው በላይ ያብጣሉ። የሰው ልጅ ይህን ማድረግ አይቻለውም። ምክንያቱም እኛ አየርን ወደ ውስጥ የምንስብ ስንሆን፣ እንቁራሪት ግን አየርን ወደ ውስጥ የምትገፋ ፍጥረት በመሆኗ ነው።

በዚህ ጽሑፍ እንቁራሪት አስተኔዎች በሳንባቸውና በቆዳቸው እንዴት እንደሚተነፍሱ፣ ደማቸውም በአካላቸው ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር እንመለከታለን። በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት የእንቁራሪት ልብ ሦስት ክፍል ብቻ ያለው፣ ደምን የሚያቀላቅል፣ ስለዚህም «ያልተሟላ» ልብ ተደርጎ ይቀርባል። እኛ ግን ይህ አገላለጽ እውነቱን በከፊል ብቻ እንደሚናገር ለማሳየት እንሞክራለን። ቆዳዋን ሳንቆጥር ልቧን መረዳት አይቻልምና።

በአገራችን ያሉ እንቁራሪት አስተኔዎች

እንቁራሪት አስተኔዎች በሦስት ይከፈላሉ። እነርሱም ጅራት የሌላቸው እንቁራሪቶችና ጓጉንቸሮች፣ ጅራት ያላቸው ሳላማንደሮች፣ እንዲሁም እግር የሌላቸውና ትል የሚመስሉት ሲሲሊያኖች ናቸው። በኢትዮጵያ ሳላማንደር አይገኝም። ሆኖም አገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ያሏት ሲሆን፣ ከእነዚህም ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት በሌላ አገር አይገኙም። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማልኮልም ላርጀን እነዚህን ዝርያዎች ለረጅም ዓመታት ያጠኑ ሲሆን፣ በባሌ ተራሮች የምትገኝ አንዲት ትንሽ ጓጉንቸርም በስማቸው ተሰይማለች።

የብዝኃነታቸው ምክንያት የመልክዓ ምድራችን አቀማመጥ ነው። ለአብነት የዋግ ኽምራን ምድር እንውሰድ። ከተከዜ ሸለቆ ሞቃት ቆላ ተነሥተን ወደ ጽጽቃና ወደ ሰቆጣ አቅጣጫ ስንወጣ፣ በአጭር ርቀት የሙቀቱ፣ የእርጥበቱና የአየር ግፊቱ መጠን ይለወጣል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ዝናቡም በአብዛኛው በክረምት ወራት ይጠቃለልና ረጅም ደረቅ በጋ ይከተላል። እርጥብ ቆዳ ላለው እንስሳ ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። ስለሆነም የእንቁራሪትን አተነፋፈስ ለመማር የዋግ ደጋ ምቹ ምሳሌ ይሆነናል።

አየርን መግፋት፦ የሳንባ አተነፋፈስ

ሰው ሲተነፍስ የደረትና የሆድ መለያው ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶቹም ወደ ላይና ወደ ውጭ ይነሣሉ። በዚህ ጊዜ ደረት ስለሚሰፋ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንስና አየር ከውጭ ይገባል። እንቁራሪት ግን ይህ መለያ ጡንቻ የላትም፤ ደረትን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ የጎድን አጥንትም የላትም። ይህን ጉድለት የምትሞላው በአፏ ወለል ነው። ሥራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

በመጀመሪያ አፏን ዘግታ፣ የአፍንጫዋን ቀዳዳዎች ከፍታ፣ የአፏን ወለል ወደ ታች ታወርዳለች። በዚህ ጊዜ አየር በአፍንጫ በኩል ገብቶ አፏን ይሞላል። ቀጥሎ ወደ ሳንባ የሚወስደው በር ይከፈትና ሳንባው ውስጥ የነበረው ያገለገለ አየር በአፍንጫ በኩል ይወጣል። በሦስተኛ ደረጃ የአፍንጫው ቀዳዳ ይዘጋና የአፏ ወለል ወደ ላይ ይነሣል፤ በአፏ ያለው አየርም መውጫ ስለማያገኝ ወደ ሳንባው ይገፋል። በመጨረሻም የሳንባው በር ይዘጋና አየሩ በውስጥ ይቀመጣል። ወናፍ የሚያናፋ አንጥረኛ ያየ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት አይቸገርም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ ልንል ይገባል። የመጀመሪያው፣ በእንቁራሪት ጉሮሮ ላይ ዘወትር የምናየው ፈጣን እርግብግቢት ሁሉ የሳንባ ትንፋሽ አለመሆኑ ነው። አብዛኛው የአፏን አየር ብቻ የሚያድስ ሲሆን፣ ወደ ሳንባ የሚዘልቀው ትንፋሽ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው፣ እንቁራሪት አየር ሳታስወጣ ደጋግማ መግፋት መቻሏ ነው። በምሳሌያዊው አነጋገር የተነገረው መነፋት የሚከናወነውም በዚሁ መንገድ ነው።

ቆዳ እንደ ሳንባ

የእንቁራሪት ቆዳ ስስ፣ እርጥብና ከሥሩ በጥቃቅን የደም ሥሮች የተሞላ ነው። ጠጉርም ቅርፊትም የለውም። በቆዳው ውስጥ ያሉ ዕጢዎች የሚያመነጩት ልጋግ መሰል ፈሳሽ ቆዳው እንዳይደርቅ ያደርጋል። ኦክስጅን በዚህ እርጥበት ውስጥ ከሟሟ በኋላ ስሱን ቆዳ አልፎ ወደ ደም ይሰርጋል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም በተቃራኒው አቅጣጫ ይወጣል። ቆዳው ከደረቀ ግን በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

ይህ ዘዴ ለትናንሽ እንስሳት ብቻ የሚበቃበትን ምክንያት በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 2 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ብንወስድ የገጹ ስፋት 24 ካሬ ሴንቲሜትር፣ ይዘቱ ደግሞ 8 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይሆናል። ይኸውም ለእያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ ይደርሰዋል። ጎኑ 20 ሴንቲሜትር ሲሆን ግን የሚደርሰው ገጽ 0.3 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። አካል እየገዘፈ ሲሄድ ቆዳው ለውስጡ የሚያደርሰው ድርሻ ያንሳል ማለት ነው። እንግዲህ እንቁራሪቷ በእርግጥ ዝሆንን ብታክል ኖሮ፣ ሳትሰነጠቅም ቢሆን ቆዳዋ ሊያስተነፍሳት ባልቻለ ነበር።

ሳንባና ቆዳ ሥራቸውን እንዴት እንደሚከፋፈሉ በልኬት ካሳዩት ቀደምት ተመራማሪዎች አንዱ ዴንማርካዊው ኦገስት ክሮግ ነው። ክሮግ እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ጥናት በእንቁራሪት ሳንባና ቆዳ የሚያልፉትን ጋዞች ለየብቻ ለካ። በቆዳ በኩል የሚገባው ኦክስጅን ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ሳይለዋወጥ ሲቀር፣ በሳንባ በኩል የሚገባው ግን እንስሳዋ ይበልጥ በምትንቀሳቀስበት የመራቢያ ወቅት በእጅጉ ይጨምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በአብዛኛው የሚወጣው በቆዳ በኩል ነው። ይህም የሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ በውኃ ውስጥ በብዙ እጥፍ ስለሚሟሟ ነው። ባጭሩ ቆዳ የዘወትሩን ፍጆታ ሲያሟላ፣ ሳንባ ደግሞ ተጨማሪ ፍላጎት ሲመጣ የሚደርስ ነው።

የሁለቱ ድርሻ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። በአሜሪካ አህጉር በብዛት የሚገኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሳላማንደር ዝርያዎች ሳንባ ጨርሶ የላቸውም፤ በቆዳቸውና በአፋቸው ውስጠኛ ገጽ ብቻ ይተነፍሳሉ። በደቡብ አሜሪካ ከ3,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በቲቲካካ ሐይቅ የምትኖረው እንቁራሪት ደግሞ ቆዳዋ እጅግ የተጣጠፈና የተንጠለጠለ ነው፤ ይህም ኦክስጅን የሚገባበትን ገጽ ያሰፋላታል። በአንጻሩ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋዎች የሚገኘውና ዜኖፐስ ክሊቪ የሚባለው የውኃ እንቁራሪት ኑሮው ውኃ ውስጥ ቢሆንም ሳንባውን በአየር ለመሙላት ወደ ውኃው ገጽ ብቅ ይላል።

ሦስት ክፍል ያለው ልብ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። የእንቁራሪት ልብ ሁለት የላይኛ ክፍሎችና አንድ የታችኛ ክፍል አለው። ግራው የላይኛ ክፍል ከሳንባ የሚመለሰውን ደም ይቀበላል። ቀኙ የላይኛ ክፍል ከመላ አካል የሚመለሰውን ደም ይቀበላል። ሁለቱም ደማቸውን ወደ አንዱ የታችኛ ክፍል ያፈስሳሉ። ከዚያ የሚነሣው ግንድ ወደ ሦስት ጥንድ ደም ቅዳዎች ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ራስ፣ ሁለተኛው ወደ ተቀረው አካል፣ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ሳንባና ወደ ቆዳ ያመራል። አንድ የደም ቅዳ ሁለቱን የመተንፈሻ አካላት በአንድነት ማገልገሉ ልብ የሚባል ነገር ነው።

ሁለቱ ደሞች በአንድ ክፍል ውስጥ ቢገናኙም ሙሉ በሙሉ አይቀላቀሉም። የታችኛው ክፍል ውስጠኛ ግድግዳ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረና በጡንቻ እጥፋቶች የተሞላ በመሆኑ የግራውና የቀኙ ደም በከፊል ተለያይተው ይቆያሉ። በግንዱ ውስጥ ያለው ጠምዛዛ ክፍልፋይም ደሙን ወደየመንገዱ ለመምራት ያግዛል። እንቁራሪቷ አየር በምትተነፍስበት ጊዜ በኦክስጅን የበለጸገው ደም በአመዛኙ ወደ ራስና ወደ አካል፣ የደኸየው ደም ደግሞ በአመዛኙ ወደ ሳንባና ቆዳ ይሄዳል።

ከዚህ በላይ ግን የሚያስገርም ነገር አለ። ከሳንባ የሚመለሰው ደም ወደ ግራ ሲገባ፣ ከቆዳ የሚመለሰው ኦክስጅን ያገኘ ደም ግን ከሌላው የአካል ደም ጋር ተቀላቅሎ ወደ ቀኙ ክፍል ይገባል። እንግዲህ እንቁራሪቷ ውኃ ውስጥ ሰጥማ ስትቆይ ምን እንደሚሆን እናስብ። በሳንባዋ ያለው አየር ቀስ በቀስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ወደ ሳንባ የሚወስዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ወደ ቆዳ የሚሄደው የደም ድርሻ ይጨምራል። በዚህ ሁኔታ ኦክስጅን ይዞ የሚመጣው በቀኝ በኩል ያለው ደም ነው።

ልቧ እንደ ሰው ልብ በአራት ክፍል ተለያይቶ ቢሆን ኖሮ፣ የቀኙ ደም በሙሉ በግድ ወደ ሳንባ መላክ ነበረበት። በቆዳ የተገኘው ኦክስጅንም ወደ አንጎልና ወደ ጡንቻ ከመድረሱ በፊት አየር በሌለበት ሳንባ በኩል መዞር ይኖርበት ነበር። በሰው አካል ውስጥ በእያንዳንዱ ዙር በሳንባ የሚያልፈው ደምና በተቀረው አካል የሚያልፈው ደም በመጠን እኩል መሆን ግድ ይለዋል። የእንቁራሪት ያልተከፈለ ክፍል ግን ይህን ግዴታ ያነሣላታል፤ ደሟን እንደ ሁኔታው ወደ ሚጠቅማት በር ትልካለች። ስለዚህ ይህ ልብ የእኛን ልብ ለመሆን ሲሞክር ከመንገድ የቀረ ልብ አይደለም። ሁለት የመተንፈሻ በር ላለው እንስሳ የሚስማማ ልብ ነው።

የደሟም ሕዋሳት ከእኛ ይለያሉ። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ክብ፣ ኑክሊየስ የሌለውና ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ የእንቁራሪት ቀይ የደም ሕዋስ ሞላላ፣ ኑክሊየስ ያለውና ርዝመቱ ከ20 ማይክሮሜትር የሚበልጥ ነው። በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ የሁለቱን ደም በማይክሮስኮፕ ያስተያየ ተማሪ ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል።

ስለ ደም ዝውውር ያለን እውቀት ራሱ ለእንቁራሪት ባለዕዳ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ1628 ደም በአካል ውስጥ እንደሚዞር ሲያስረዳ፣ ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በምን እንደሚሸጋገር ግን አላየም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1661 ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቁራሪትን ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሁለቱን የሚያገናኙትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ተመለከተ። የጎደለው ሰንሰለት የተገኘው በእንቁራሪት ሳንባ ነው።

ከስንጥብ ወደ ሳንባ

እንቁራሪት ሕይወቷን የምትጀምረው እንደ ዓሣ ነው። በክረምት ኩሬ ውስጥ የምናየው ጭራ ያለው ትንሽ እጭ የሚተነፍሰው በስንጥብና በቆዳው ነው። ልቡም መጀመሪያ ላይ እንደ ዓሣ ልብ አንድ የላይኛና አንድ የታችኛ ክፍል ብቻ ያለው ነው። እያደገ ሲሄድ የላይኛው ክፍል ለሁለት ይከፈላል፤ ሳንባ ይበቅላል። በኋላም በታይሮይድ ሆርሞን ትእዛዝ እግር ይወጣል፣ ስንጥቡ ይጠፋል፣ ጭራውም ወደ አካል ተመልሶ ይዋጣል።

ይህ ሽግግር ጊዜ ይፈልጋል። ዝናቡ ቀድሞ በሚያቆምባቸው ዓመታት ኩሬው የሚደርቀው ሳንባው ሳይጠና ሊሆን ይችላል፤ በዚያን ጊዜ እጮቹ በጭቃው ላይ ያልቃሉ። በዋግ የዝናብ መቆራረጥ በገበሬው ማሳ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ሁላችንም እናውቃለን። በኩሬው ውስጥም የማይነገርለት ሌላ ድርቅ አለ።

ከፍታ፣ ሙቀትና በጋ

አንድ ሊትር አየር 210 ሚሊሊትር ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ አንድ ሊትር ውኃ የሚይዘው ግን ከ10 ሚሊሊትር ያነሰ ነው። ይህም መጠን በሙቀትና በከፍታ ይወሰናል። በባሕር ወለል ላይ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውኃ በአንድ ሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲያሟሟ፣ 25 ዲግሪ የሆነው 8 ሚሊግራም ያህል ብቻ ያሟሟል። በሰቆጣ ከፍታ እነዚህ አኃዞች በቅደም ተከተል ወደ 8.5 እና ወደ 6 ሚሊግራም ገደማ ይወርዳሉ። ደጋው ኦክስጅንን በከፍታው ቢቀንስም በውኃው ቅዝቃዜ ከፊሉን ይመልሳል። ከዚህም በላይ የእንቁራሪት የሰውነት ሙቀት ከአካባቢዋ ጋር ስለሚወርድ በብርድ ጊዜ የሚያስፈልጋት ኦክስጅን ራሱ ያነሰ ነው። ጥላ የሚሰጡ ዛፎች የተቆረጡበትና ውኃው የቀነሰበት ጅረት ግን ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉዳት ያመጣል፤ የእንስሳዋ ፍላጎት ይጨምራል፣ የውኃው ኦክስጅን ይቀንሳል።

በጋው ሲበረታ ብዙ እንቁራሪቶችና ጓጉንቸሮች በአፈር ውስጥ፣ በድንጋይ ሥርና በስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ። በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ የምትገኘው ሌፕቶፔሊስ ግራሚኔውስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ብዙዎቹ ዘመዶቿ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ሲሆኑ እርሷ ግን ምድር ላይ የምትኖርና አፈር ቆፍራ የምትገባ ናት። በተደበቁበት ጊዜ እንቅስቃሴና የኦክስጅን ፍላጎት ይቀንሳል። እንቁራሪት ውኃ በአፏ አትጠጣም፤ ከእርጥብ አፈር በሆዷና በጭኗ ቆዳ በኩል ትመጥጣለች። ቆዳዋ ሳንባዋም እንሥራዋም ነው ማለት እንችላለን።

ክፍት በር የሚያስገባው ሁሉ መልካም አይደለም

ኦክስጅንና ውኃ የሚያሳልፍ ቆዳ በውኃ የሟሟ መርዝንም ለመከልከል አቅሙ አነስተኛ ነው። በማሳ ላይ የሚረጩ የአረምና የተባይ ማጥፊያዎች በጎርፍ ታጥበው ወደ ጅረትና ኩሬ ሲገቡ በቅድሚያ የሚያገኙት ይህን ቆዳ ነው። ስንጥብም እንዲሁ ስስ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው መመልከታቸውና ከዚያ የተነሣው የብልሃርዚያ ምርምር ይታወቃል። ቀንድ አውጣን የሚገድለው ያው የእንዶድ ንጥረ ነገር ዓሣንም ይጎዳል። በስንጥብ ለሚተነፍስ የእንቁራሪት እጭም ሳሙናና የመሳሰለው በበዛበት ውኃ ውስጥ መኖር አስቸጋሪ ነው።

ከሁሉም የከፋው ኪትሪድ የተባለው የቆዳ ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ1999 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው ሲሆን በልዩ ልዩ አህጉራት ብዙ ዝርያዎችን አመናምኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋዎች በበርካታ ቦታዎችና ዝርያዎች ላይ በብዛት መገኘቱን አሳይቷል። የሚገድልበትም መንገድ እስካሁን ያልነውን ሁሉ ያጠቃልላል። የተጎዳው ቆዳ ሶዲየምና ፖታሲየምን የማመጣጠን ሥራውን ያቋርጣል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠናቸው ይወርዳል፤ በመጨረሻም ልብ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ምርምር ይህን ሂደት አረጋግጧል። በሽታው ቆዳ ላይ ጀምሮ ልብ ላይ ያበቃል።

ዛሬ በዓለም ካሉት የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች ከአምስቱ ሁለቱ ያህል የመጥፋት ስጋት አለባቸው። በምንጭ ውኃ ለሚተዳደር የደጋ ነዋሪ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እርግጥ ነው፣ እንቁራሪት በምንጩ አለች ማለት ውኃው ለመጠጥ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ በሽታ አምጪ ተዋህስያን ባሉበትም ትኖራለችና። ነገር ግን በየክረምቱ ድምፃቸው ይሰማ የነበሩ እንቁራሪቶች ድንገት ዝም ካሉ፣ በውኃው ወይም በአካባቢው ምን እንደተለወጠ መጠየቅ ተገቢ ነው። ምንጭን ማጠር፣ የልብስ ማጠቢያን ከምንጩ ዐይን ማራቅ፣ የመድኃኒት መርጫን በጅረት አለማጠብ፣ የወንዝ ዳር ዛፎችን መጠበቅ ለእንቁራሪቷም ለሰውም የሚጠቅሙ ሥራዎች ናቸው።

መደምደሚያ

የእንቁራሪትን አካል ክፍል በክፍል ብቻ ብናየው ደካማ ሳንባ፣ ቀጭን ቆዳና ያልተከፈለ ልብ እናገኛለን። ሦስቱን በአንድነት ስናያቸው ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላበት የተስማማ ሥርዓት ሆነው እናገኛቸዋለን። ሥርዓቱ የተመሠረተው ውኃው እስካለና ንጹሕ እስከሆነ ድረስ በሚሠራ ቆዳ ላይ በመሆኑ፣ የእንቁራሪት ሕይወትና የምንጮቻችን ጤና የማይነጣጠሉ ናቸው።

ለተማሪዎች የቀረበ ምልከታ

እንቁራሪቷን ሳትይዙና ሳታስደነግጡ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጉሮሮዋ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብና ጎኗ ስንት ጊዜ እንደሚንቀሳቀስ ለየብቻ ቁጠሩ። የጎን እንቅስቃሴ የሳንባ ትንፋሽን ያመለክታል። ምልከታውን በጠዋት ብርድና በቀትር ሙቀት ደግማችሁ ውጤቱን አነጻጽሩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የእንቁራሪት ቆዳ ቢደርቅ፣ አየር ውስጥ እያለች የኦክስጅን እጥረት የሚደርስባት ለምንድን ነው?
2. ውኃ ውስጥ በሰጠመች እንቁራሪት ልብ ኦክስጅን የያዘው ደም በአመዛኙ በየትኛው የላይኛ ክፍል ይገባል? ለምን?
3. አንድ ጅረት ጥላውን ሲያጣ በውስጡ ያሉት እጮች በምን በምን መንገድ ይጎዳሉ?
4. በአካባቢያችሁ ካሉ ምንጮች መካከል እንቁራሪት የሚገኝባቸውና የማይገኝባቸው የትኞቹ ናቸው? ልዩነቱን በምን ታስረዳላችሁ?